የስፖርት አሠልጣኝ ዕውቀትን ከወዴት ያገኛል?

በማናቸውም ሥራ ላይ የቆመ ሰው ሥራውን በሚገባ ለመፈጸም ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም አንደኛው በልምድ የሚገኝ ብልኀት፥ ሁለተኛውም ሌሎች ሰዎች አስቀድመው መርምረው ከጻፉት የሚገኝ ዕውቀት ነው። ዳኛ ያለ ሕግ መጽሐፍ ከችሎት ቢቀመጥ፥ ሐኪምም ያለ ሕክምና መጽሐፍ በሽተኛ ቢቀበል ሰው ሁሉ ይደነግጣል። የስፖርት አሠልጣኝ ግን የሰውን ልጅ ልብና ሳንባ፥ አጥንትና ጅማት፥ ከዚያም ይልቅ የወጣትነቱን ዘመን በዐደራ ተረክቦ ሳለ ከአንድ ፊሽካና ከአንድ የእጅ ሰዓት በቀር ምንም ሳይዝ ሜዳ ቢወርድ የሚደነግጥ ሰው አይገኝም። ይህስ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፥ ስፖርት ጨዋታ ነውና ትምህርት አያሻውም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ ስላደረ ነው።

አሳቡ ምን ያኽል ዋጋ እንደሚያስከፍል አንድ ነገር ብቻ ማንሣት ይበቃል። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በተደረገው የማራቶን ሩጫ አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ጥቂት ቈይቶ ግን የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ተገለጠ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2020 (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለጎዳና ሩጫ የወሰነው ደንብ ከ4 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የሚያዝ ነበርና ድሉ ተሰረዘ፤ ክብሩም ከእርሱ ቀጥሎ ለገባው ኬንያዊ ተሰጠ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሮጠ እግር በአንድ ሳንቲ ሜትር ተረታ። ነገሩ ባለማወቅ የሆነ ይሁን ወይም ጫማ በመለዋወጥ የተደረገ ቸልታ፥ ያን መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ አይደለም። ነገር ግን ደንቡ ከዓመት በላይ አስቀድሞ የወጣ፥ ለሚሻውም ሰው ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ከተጻፈበት ከሞናኮ እስከ ሯጩ ጫማ ድረስ ያለውን መንገድ መጥረግ የአሠልጣኙ ፈንታ ነው። ደንቡም በዚያ አልቆመም፤ ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በመም ላይ ለሚደረግ ሩጫ የጫማው ውፍረት ከ2 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ሆኗል። ይህን ያልሰማ አሠልጣኝ በክፍለ ሀገር ከተማ ቢኖር ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደ ኢትዮጵያ ይገባ የነበረው በሰው ተሸካሚነት ነበር። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ባሸነፈ ጊዜ ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። የስዊድን ሰዎችም በ1930ዎቹ ዓመታት ጎስታ ሆልመር ባወጣው ሥርዓት የታወቁ ነበሩ፤ እርሱም ፋርትሌክ የሚባለው፥ ትርጓሜው የፍጥነት ጨዋታ የሆነው፥ ፍጥነትን ከዝግታ እያፈራረቁ በሜዳና በጫካ የሚሮጡበት ልምምድ ነው። ዛሬ በእንጦጦ ደን የሚሮጠው ወጣት ይህን ቃል ሲጠራው የአያቱ ቃል ይመስለዋል። ቃሉ ከስካንዲናቪያ መምጣቱን ባያውቅም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው አንድ ሰው ካመጣው ዕውቀት በኋላ የመጣውን ሳያገኝ መቅረቱ ነው።

በዚያው በሮማው ሩጫ ከአበበና ከሞሮኮው ከራዲ ቀጥሎ 3ኛ የወጣው ባሪ ማጊ የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ነበር። አሠልጣኙ አርተር ሊድያርድ በጫማ ፋብሪካ የሠራ፥ ዩኒቨርሲቲም ያልገባ ሰው ሲሆን፥ ለብዙ ዓመት በገዛ እግሩ እየሞከረ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያኽል መሮጥ ለመካከለኛ ርቀት ሯጭ እንኳ መሠረት እንደሚሆን አረጋገጠ። በዚያው በሮማ ሁለት ደቀ መዛሙርቱ፥ ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፥ መሪ ሃልበርግም በ5,000 ሜትር የወርቅ ሜዳይ አገኙ። ሊድያርድ ግን በድሉ ተደስቶ ዝም አላለም፤ በ1962 የአሠለጣጠኑን ሥርዓት በመጽሐፍ አወጣው፤ በ1960ዎቹም መጨረሻ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ለአገሩ አሠልጣኞች አስተማረ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ላሲ ቪሬን የተባለው ፊንላንዳዊ የ5,000ንና የ10,000 ሜትርን ድል አንድ ላይ ሲወስድ፥ የአሠልጣኙ የሮልፍ ሃይኮላ ሥርዓት ከሊድያርድ ትምህርት ብዙ የቀዳ ነበር። በ10,000ው ሜትር 3ኛ የወጣውም ምሩጽ ይፍጠር ነበር።

አንባቢ ይህን ሐረግ ያስተውል። በኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ በአንድ የጫማ ሠራተኛ የተገኘ ዕውቀት በወረቀትና በመምህር ቃል ተሸጋግሮ የዓለምን ዳርቻ ከዳርቻ አገናኘ። የፊንላንድ ድል ከዚህ ብቻ የመጣ ነው አይባልም፤ ፊንላንድ ከጥንትም የሯጮች አገር ናትና። ምሩጽም በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ርቀት አሸንፎ፥ ቪሬንም በ10,000ው 5ኛ ወጥቶ፥ ብድሩ ተመልሷል። ሆኖም ሊድያርድ የሚያውቀውን ጽፎ ባያወጣ ኖሮ ትምህርቱ ከእርሱ ደቀ መዛሙርት ወሰን ባላለፈም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ይኸውም የኢትዮጵያ ሯጮች ያለ መጽሐፍና ያለ ቤተ ሙከራ ዓለምን አሸንፈዋልና አሁን ወረቀት ፍለጋ መድከም ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። የሚሉትም ሰዎች በቆጂን ያነሣሉ። በእውነትም በአርሲ ደጋ ላይ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ መምህር ስንታየሁ እሸቱ በተራ ሜዳና በኮረብታ ላይ ሕፃናትን እያስሮጠ፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሰሉ ከእጁ ወጥተዋል። የመምህር ዓይን ያየውን መጽሐፍ አይተካውም፤ ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ የሜዳዮቹን መዝገብ እስከ መጨረሻው ቢያነቡት መልሱን እዚያው ያገኙታል። ኢትዮጵያ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ያገኘችው ሜዳይ ሁሉ፥ አንድም ሳይቀር፥ ከ800 ሜትር ጀምሮ ባለው ሩጫ የተገኘ ነው። በዝላይ የለም፤ በውርወራ የለም፤ በዋና የለም፤ በቦክስም የለም። በእግር ኳስም ቢሆን በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ከወሰደ ወዲህ ሁለተኛ ዋንጫ አልመጣም። ተፈጥሮና ደጋ፥ የመምህርም ዓይን በሚበቃበት ስፍራ ድል ተገኝቷል፤ የጦር ውርወራ ክንድ እንዴት እንደሚታጠፍ፥ የዝላይ እርምጃ እንዴት እንደሚለካ፥ ይህም ከፊልምና ከመጽሐፍ በሚጠናበት ስፍራ ግን ድሉ ርቋል። የመሣሪያና የገንዘብ ማነስ ምክንያት አይደለም ማለት አይደለም፤ የዋና ገንዳ ሳይኖር ዋናተኛ አይወጣም። ግን የጦር መወርወሪያ ሜዳ ባለበትም ስፍራ የሚያስተምረው ሰው የሚማርበት ጽሑፍ ጠፍቶ ሜዳው የከብት ግጦሽ ሲሆን ይታያል።

ዕውቀቱ የት እንዳለ ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የቆሎ ተማሪ ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል እንጂ በመጀመሪያ ባገኘው ደብር ተቀምጦ ሁሉን ልማር አይልም። የትኛው መምህር በየትኛው ትምህርት እንደ ተመሰከረለት አስቀድሞ ይጠይቃል፤ መንገዱንም የሚያመለክተው ከእርሱ በፊት የሄደ ተማሪ ነው። የስፖርት አሠልጣኝ የቸገረው ይህ መንገድ አመልካች ነው እንጂ ዕውቀቱ ራሱ ከቶ አልጠፋም።

እነሆ ከደብሮቹ ጥቂቱ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ከ1991 ጀምሮ አሠልጣኞችን በየደረጃው የሚያስተምርበትን ሥርዓት ዘርግቷል፤ ከ1986 ጀምሮም ለብዙ ዓመት በየሩብ ዓመቱ ያሳትመው በነበረው መጽሔት ስለ ሩጫ፥ ስለ ዝላይና ስለ ውርወራ ታላላቅ አሠልጣኞች የጻፉት ተሰብስቧል። በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ የሚገኘው የኦሊምፒክ ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍቱን በኢንተርኔት ከፍቶ ብዙውን ያለ ዋጋ ያስነብባል። በአሜሪካም በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከተረፈው ገንዘብ የተቋቋመ ድርጅት አለ፤ እርሱም ጥንታውያን የኦሊምፒክ መዛግብትን ሰብስቦ ለሰው ሁሉ አቅርቧል፤ ስለዚህ የሮማውን የአበበን ሩጫ የመዘገበው የአዘጋጆቹ መጽሐፍ እንኳ ዛሬ በጎንደር ወይም በጅማ ተቀምጦ የሚነበብ ሆኗል። ለእግር ኳስ አሠልጣኝ ፊፋ የልምምድ ፊልሞችን ከነማብራሪያቸው የሚያሳይበት ገጽ አለው። ስለ ሰውነት አሠራር ለሚመረምር ደግሞ የአሜሪካ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1996 ጀምሮ ፐብሜድ የሚባለውን ማውጫ ከፍቷል፤ በዚያ የብዙ ሚሊዮን ጥናት አጭር መግለጫ ያለ ዋጋ ይነበባል፤ ከእነዚህም ብዙው እስከ ሙሉ ቃሉ ድረስ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ሹማምንት ሊያውቁት የሚገባ አንድ በር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ሂናሪ የተባለውን መርሐ ግብር ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተዋውሎ መሠረተ፤ በዚህም ገቢያቸው አነስተኛ በሆነ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፥ ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፥ በሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚሸጡትን መጽሔቶች ያለ ክፍያ እንዲያነቡ ተፈቀደ። ኢትዮጵያም ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷት ናት። በሩ ግን የሚከፈተው ለተመዘገበ ተቋም ነው እንጂ ለአንድ ግለሰብ አይደለም። እንግዲህ በአንድ ከተማ ዩኒቨርሲቲና የስፖርት ክለብ ጎን ለጎን ሳሉ፥ አሠልጣኙ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እንዲያነብ የሚፈቅድ አንዲት ደብዳቤ ባለመጻፏ ብቻ ዕውቀቱ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ይቀራል። ደብዳቤዋ የምትጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው።

በሩ ቢከፈትም ግን ከበሩ ወዲያ ሌላ በር አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከሯጭነት ወደ አሠልጣኝነት የተሸጋገረ ሰው፥ ትምህርቱን ለሩጫ ብሎ በመካከል ያቋረጠ ሰው፥ የሰውነትን አሠራር በውጭ ቋንቋ አንብቦ ይረዳል ማለት ዘበት ነው። ቃል በቃል መተርጐምም ብቻውን አይበቃም። ሊቃውንት ነጠላውን ንባብ ብቻ ሰጥተው ተማሪውን አያሰናብቱትም፤ ምሥጢሩን በአንድምታ ያፍታቱለታል እንጂ። ለአሠልጣኙም የሚያስፈልገው ንባቡ ከነትርጓሜው ነው፤ ይህ ጥናት በማን ላይ ተደረገ፥ በየት አገር፥ ለየትኛው ርቀት፥ ለዚህስ አገር ሰው ምን ያኽሉ ይሆናል የሚለው።

ለምሳሌ ስለ ከፍታ የተጻፈውን እንይ። በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በተደረገ ጊዜ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ፤ የረጅምና የመካከለኛ ርቀት ድሎችም አብዛኛው በደጋ ሰዎች እጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ የቆላ አገሮች ሊቃውንት ስለ ከፍታ መመርመር በረቱ፤ በ1997ም ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉት በ2,500 ሜትር ገደማ እየኖሩ በ1,250 ሜትር ገደማ መለማመድ ለሯጭ እንደሚበጅ ጻፉ። ጥናቱ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የተደረገው በቆላ ተወልደው በቆላ ባደጉ አሜሪካውያን ሯጮች ላይ ነው። ሰንዳፋ የተወለደ፥ እንጦጦ ላይ እስከ 3,000 ሜትር የሚወጣ፥ ለፍጥነት ልምምድ ወደ አቃቂ የሚወርድ ልጅ ያንኑ ይመስላል አይባልም። ይህን ልዩነት ሳያስተውል ጽሑፉን እንደ ወረደ የሚከተል አሠልጣኝ ካላነበበው ይልቅ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መመዘን ሌላ ነው።

መመዘን የሚያሻበት ሌላም ምክንያት አለ። በኢንተርኔት ላይ ፈላጊውን ቀድሞ የሚቀበለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሊቅ ሳይሆን የነጋዴ ነው። ኃይል ይሰጣል፥ ድካም ያርቃል የተባለ ዱቄትና ክኒን ሻጭ የጥናት ልብስ አልብሶ ያቀርበዋል። በዚህ ያመነ አሠልጣኝ ለሯጩ ቢሰጠው፥ ከክኒኑም ውስጥ የተከለከለ ቅመም ቢገኝ፥ ሯጩ አላውቅም ነበር ቢል አይድንም፤ በዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት ሕግ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው ነውና። ሆን ብሎ እንዳደረገው ከተቈጠረም ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እገዳ ይደርሳል፤ የሯጭ ዕድሜ ደግሞ አጭር ናት። አሠልጣኙም ራሱ በዚሁ ሕግ ሊቀጣ ይችላል።

በሙቀት ነገርም እንዲሁ። በ2019 በዶሃ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ከሙቀቱ ጽናት የተነሣ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጡ፤ ከእነዚህም መካከል ለኢትዮጵያ የሮጡት ሦስቱም ነበሩ። ከስምንት ቀን በኋላ አየሩ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው በወንዶቹ ማራቶን 1ኛና 2ኛ መውጣታቸው የሯጮቹ ጕልበት እንዳልጎደለ ያሳያል። ከአራት ዓመት በፊት በ2015 የብዙ አገር ሊቃውንት ተስማምተው፥ ሰውነትን ከሙቀት ጋር ለማላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት በሙቀት መለማመድ እንደሚገባ ጽፈው በልዩ ልዩ መጽሔቶች አውጥተውት ነበር። የዶሃው ነገር ይህን በማንበብ ብቻ በተመለሰ ነበር ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ነገ ከአሰላ ተነሥቶ ሯጩን ወደ ቆላ አገር የሚወስድ አሠልጣኝ ይህችን ምክር በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በሁለት ገጽ ተጽፋ ቢያገኛት ምንኛ በጠቀመችው።

ሌሎች ያልጻፉት፥ ሊጽፉትም የማይችሉት ነገር ደግሞ አለ። ስለ ረመዳን ጾምና ስለ ስፖርተኛ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ብዙ ጥናት ተደርጓል፤ የእግር ኳስ ሐኪሞችም ተሰብስበው መርምረውታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ስለዚህ ጾምና ስለ ሯጭ ሰውነት የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት ሳይቀምስ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ሳይበላ፥ ማለዳ 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ወጣት በአትክልትና በጥራጥሬ ብቻ እንዴት ይመገብ፥ ከባዱን ልምምድ በስንት ሰዓት ያድርገው፥ ለዚህ የቦስተን ሊቅ መልስ የለውም። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቃውንት በ2014 ባወጡት ጽሑፍ ስፖርተኛ ከሚያወጣው ጕልበት ያነሰ ምግብ ለብዙ ጊዜ ሲመገብ አጥንቱ እንደሚሰነጠቅ፥ የሴቶችም ልማደ አንስት እንደሚቋረጥ አስጠንቅቀዋል። ይህን ምልክት የጥሩ ልምምድ ማስረጃ አድርጎ የሚቈጥር አሠልጣኝ በአንዲት ልጅ ዕድሜ ላይ ይፈርዳል። እዚህ ላይ አሠልጣኝና ሐኪም፥ ከእነርሱም ጋር የንስሓ አባት አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ የጾሙን ሥርዓትና ለደካማ የተሰጠውን ፈቃድ የሚያውቁ ካህናት በዚህ ነገር ከሚጠየቁት ሊቃውንት መካከል ናቸው።

በአገሪቱ አሠልጣኞች ልብ ውስጥ ያለው ዕውቀትም ገና ያልተከፈተ መጽሐፍ ነው። ወልደ መስቀል ኮስትሬ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ የደራርቱንና የኃይሌን፥ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን ዘመን ያየ አእምሮ አብሮ ተቀበረ። ከእርሳቸው በፊትም በኋላም የነበሩ፥ ዛሬም ያሉ፥ በየቀኑ ማን ስንት እንደ ሮጠ በደብተር የሚጽፉ አሠልጣኞች አሉ። ደብተሩ ከባለቤቱ ሞት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ካልገባ የእህል ሳጥን ውስጥ ያረጃል። የውጭ አገር ሊቃውንት ከአሜሪካና ከእንግሊዝ እየመጡ ሱሉልታ ላይ ተቀምጠው የጠየቁትን በመጽሐፋቸው ያወጣሉ፤ ኋላም የኢትዮጵያ አሠልጣኝ የገዛ አባቱን ትምህርት በእንግሊዝኛ ገዝቶ ለማንበብ ይገደዳል። የሊድያርድን ሐረግ ያነበበ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ሕንጻ አያስፈልግም። መሠረቱ ተጥሎ ግድግዳው ሳይቆም ስለሚቀር ቤተ መጻሕፍት ብዙ ተሰምቷል። የሚያስፈልገው ከስፖርት ጉዳይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ ስልክና አንድ የቤተ መጻሕፍት ሥራ የተማረ፥ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራውም ይህ ይሆናል፤ ከደብረ ብርሃን ወይም ከበቆጂ አንድ አሠልጣኝ ደውሎ የጕልበት ሕመም ስላመመው ልጅ ሲጠይቅ፥ የት እንደ ተጻፈ ፈልጎ፥ የሚመዝነውን የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ሐኪም ጠይቆ፥ ሁለት ገጽ አድርጎ በስልኩ ይልክለታል። ጥያቄውንና መልሱን በመዝገብ ያኖራል፤ በዓመቱ መዝገቡ ራሱ መጽሐፍ ይሆናል። ኢንተርኔት በማይደርስበት ወረዳ በወረቀት ታትሞ ለወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ይላካል። የሽማግሌ አሠልጣኞችን ደብተር እየለመነ የሚገለብጠውም ይኸው ሰው ነው። ይህን ሰው ለመቅጠር የሚወጣው ደመወዝ አንድ ቡድን ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ያለ ሥራ ለሚከተለው አንድ መልእክተኛ ከሚወጣው አበል ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሹም ካለ ሒሳቡን አቅርቦ ያሳይ።

ሥራው ከወዴት ይጀመር ለሚል የጊዜ ሰሌዳው ራሱ መልስ ይሰጣል። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት የተከለከሉ ቅመሞችን ዝርዝር በየዓመቱ ያድሳል፤ አዲሱ ዝርዝር እንደ ልማዱ በመስከረም 21 ገደማ ይወጣል፥ የሚጸናውም ከታኅሣሥ 23 ገደማ ጀምሮ ነው። በመካከሉ ሦስት ወር አለ። ዝርዝሩም ወፍራም መጽሐፍ አይደለም፤ ካለፈው ዓመት የተለወጠውም ተለይቶ በጥቂት ገጽ ይታተማል። መስከረም ላይ የተቀመጠ አንድ ተርጓሚና አንድ ፋርማሲስት እስከ ኅዳር ጽዮን ጨርሰው ለየክልሉ ሊያደርሱት ይችላሉ።